ድምፅ አልባ የእንግሊዝኛ ፊደላትና የአጻጻፍ ትምህርት፦ ጊንጪን እንደ ማሳያ

ድምፅ አልባ ፊደል የሚባለው በቃል ውስጥ እየተጻፈ ቃሉ ሲነገር ግን የራሱ ድምፅ የማይሰማ ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ ቢላዋ ማለት የሆነው ናይፍ ሲጻፍ ኬ-ኤን-አይ-ኤፍ-ኢ ነው። ሲነገር የመጀመሪያው ኬ አይሰማም፤ የመጨረሻው ኢም አይሰማም። ከአምስቱ ፊደላት ሁለቱ ዝም ያሉ ናቸው ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ቃላት ጥቂትና ብርቅ ቢሆኑ ኖሮ በቃል ተይዘው ባለፉ ነበር፤ ነገር ግን ማወቅ፣ መጻፍ፣ ማዳመጥ፣ መራመድ፣ ሁለት፣ ስምንት፣ ግማሽ፣ ሌሊት፣ ሰዓት፣ መልስ የሚሉት የዕለት ተዕለት ቃላት በእንግሊዝኛ ሁሉም ቢያንስ አንድ ድምፅ አልባ ፊደል አላቸው።

ይህ ማብራሪያ ጊንጪን መነሻ ያደርጋል። ጊንጪ በምዕራብ ሸዋ ዞን፣ በደንዲ ወረዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የተመረጠችበት ምክንያት በዚያ የሚማር ልጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት የአጻጻፍ ሥርዓቶችን ስለሚገናኝ ነው፦ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛ ደግሞ በላቲን ፊደል። ከሦስቱ ሁለቱ በአንድ ዓይነት የፊደል ቅርጽ ይጻፋሉ፤ የሚነበቡበት ሕግ ግን የተለያየ ነው። ችግሩም መፍትሔውም ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲቀርብ ደንግጓል። በኦሮሚያ ክልል ተማሪው እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ 9ኛ ክፍል ሲገባ የአብዛኛው ትምህርት መጻሕፍት እንግሊዝኛ ይሆኑበታል። በዚያ ዓመት የአጻጻፍ ጉዳይ የእንግሊዝኛ መምህሩ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል። የፊዚክስ መጽሐፍ ስለ ክብደትና ስለ ከፍታ ሲናገር ዌይት እና ሃይት ይላል፤ ሁለቱም በውስጣቸው የማይሰሙ ጂ እና ኤች አሏቸው። በሒሳብ ቀጥ ያለ መስመር ስትሬይት ላይን፣ ቀጤ ማዕዘን ራይት አንግል ነው፤ እነዚያው ጂ እና ኤች እዚህም አሉ። በባዮሎጂ ጡንቻ ማስል ሲባል መካከሉ ላይ የማይሰማ ሲ አለ። በታሪክ ዘመነ መንግሥት፣ ዘመቻና የውጭ አገር የሚሉት ሬይን፣ ካምፔይን እና ፎረን ሦስቱም ጂ ደብቀዋል። ተማሪው መምህሩ በቃል የተናገረውን ስም በመጽሐፉ ውስጥ ፈልጎ ካላገኘው ያልገባው ትምህርቱ ሳይሆን የቃሉ መልክ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ግን በውጤት ወረቀት ላይ አይለዩም።

ከቁቤ ወደ እንግሊዝኛ

አፋን ኦሮሞ በቁቤ እንዲጻፍ የተወሰነው በ1984 ዓ.ም. ነው። የቁቤ ትልቁ ጠባይ ግልጽነቱ ነው፦ የተጻፈ ይነበባል፣ የተነገረ ይጻፋል። አናባቢ ሲረዝም ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ተነባቢ ሲጠብቅ ይደገማል። ለእንግሊዝኛ እንግዳ የሆኑ ድምፆችም ቦታ ተሰጥቷቸዋል፦ ሲ ብቻውን ሲጻፍ «ጭ»፣ ኤክስ «ጥ»፣ ኪው ደግሞ «ቅ» ነው። ልጁ ፊደላቱን የሚጠራቸውም ጫ፣ ጣ፣ ቃ እያለ ነው።

የከተማዋ ስም ራሱ ጥሩ ማሳያ ነው። በቁቤ የሚጻፈው ጂ-አይ-ኤን-ሲ-አይ-አይ ተብሎ ነው። በእንግሊዝኛ ካርታ ላይ ግን ጂ-አይ-ኤን-ሲ-ኤች-አይ ይሆናል። ቁቤ ብቻ የሚያውቅ ልጅ የካርታውን ጽሑፍ በራሱ ሕግ ሲያነበው «ጊንቺ» ይለዋል፤ በቁቤ ሲ እና ኤች አንድ ላይ ሲጻፉ ላላ ያለው «ች» ናቸውና። የገዛ ከተማውን ስም ያዛባው ንባብ ስህተት አይደለም። ፊደሉ ያው ሆኖ ሕጉ ስለተለወጠ የመጣ ነው። መምህሩ ይህን ምሳሌ በጥቁር ሰሌዳ ጎን ለጎን ቢጽፈው ከረጅም ማብራሪያ የበለጠ ያስረዳል።

ከዚህ ልማድ የሚመጣው የመጀመሪያው እንቅፋት የቃል መጨረሻ ኢ ነው። የአፋን ኦሮሞ ቃላት አብዛኞቹ በአናባቢ ስለሚያበቁ ልጁ ስም ማለት የሆነውን ኔይም «ናሜ»፣ ጊዜ ማለት የሆነውን ታይም «ቲሜ» ብሎ ቢያነብ የሚያስገርም አይደለም። ሁለተኛው በቃል መጀመሪያ የሚደረደሩ ተነባቢዎች ናቸው። አፋን ኦሮሞ ቃልን በሁለት ተነባቢ ስለማይጀምር ኬ እና ኤን የተደረደሩበት ቃል በመካከሉ አናባቢ ይገባበትና «ኪኒፌ» ይሆናል። ሦስተኛው የተደገመ ፊደል ነው፤ ልጁ ሌተር በሚለው ቃል ሁለቱን ቲ ሲያይ አጥብቆ ያነበዋል፣ ሲጽፈው ደግሞ ጠብቆ ስላልሰማው አንዱን ይጥለዋል። በእንግሊዝኛ የተደገመ ተነባቢ አያጠብቅም። ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ያመለክታል፤ ዳይነር እና ዲነር በጽሑፍ የሚለዩት በአንድ ኤን ነው።

ስለዚህ የሚሠራው ስህተት ሁለት አቅጣጫ አለው። ቃሉን መጀመሪያ በዓይኑ ያየ ተማሪ አጻጻፉን ይዞ ንግግሩን ይስታል፤ መጀመሪያ በጆሮው የሰማ ንግግሩን ይዞ አጻጻፉን ይስታል፣ ናይፍን በኤን ይጀምራል፣ ሊስንን ያለ ቲ ይጽፋል። መድኃኒታቸው አንድ ስላልሆነ መምህሩ ቀይ መስመር ከማስመሩ በፊት የትኛው እንደሆነ መለየቱ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ልጅ መስማት ይጎድለዋል፤ ሁለተኛው ማየት።

ፊደላቱ ለምን ተጻፉ

«ካልተነበበ ለምን ይጻፋል?» የሚለው የተማሪ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ «እንግሊዝኛ እንዲህ ነው» የሚለው መልስ ግን አያጠግብም። አብዛኞቹ ድምፅ አልባ ፊደላት በአንድ ዘመን ድምፅ ነበራቸው። በናይፍ፣ በኒ፣ ማለትም በጉልበት፣ እና በኖው፣ ማለትም በማወቅ፣ መጀመሪያ ያለው ኬ እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ይነገር ነበር። የእንግሊዝኛ ዘመድ የሆነው ጀርመንኛ ዛሬም ጉልበትን ክኒ ብሎ ኬውን አጉልቶ ይጠራል። ሌሊት በሚለው ናይት ውስጥ ያሉት ጂ እና ኤች ደግሞ ከአማርኛው «ኽ» ጋር የሚቀራረብ ድምፅ ይወክሉ ነበር፤ ጀርመንኛ ሌሊትን እስከ ዛሬ ናኽት ይላል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ድምፅ ከአፉ የሚያወጣው ያለ ችግር ስለሆነ ከእንግሊዛዊ ተማሪ ይልቅ ለዚህ ማብራሪያ የቀረበ ነው ማለት ይቻላል።

ዊልያም ካክስተን የመጀመሪያውን ማተሚያ በእንግሊዝ አገር፣ በዌስትሚንስተር፣ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1476 ነው። ኅትመት አጻጻፍን ቀስ በቀስ እያረጋ ሄደ፤ ንግግሩ ግን መለወጡን አላቋረጠም። ፊደሉ በቆመበት ቀረ፣ ድምፁ ጥሎት ሄደ።

ሌሎቹ ፊደላት ግን ከመጀመሪያውም ድምፅ ኖሯቸው አያውቅም፤ ሊቃውንት ያስገቧቸው ናቸው። ዕዳ ማለት የሆነው ዴት ከፈረንሳይኛ ሲገባ ቢ አልነበረበትም። ቃሉ በጥንት ከላቲን የመነጨ መሆኑን ለማሳየት የፈለጉ ጸሐፊዎች ቢን መልሰው ጨመሩበትና ዲ-ኢ-ቢ-ቲ ሆነ። ደሴት ማለት የሆነው አይላንድ ላይ ያለው ኤስ ከዚህም የባሰ ነው፦ ቃሉ የጥንት እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ከላቲን የመጣ መስሏቸው ያስገቡት ነው። በኩድ ውስጥ ያለው ኤል ደግሞ ዉድ እና ሹድ ስላላቸው ብቻ በማመሳሰል የገባ ነው። ተማሪው ስለ እነዚህ ሲሰማ ቢስቅ ደግ ነው፤ የሳቀበትን ቃል አይረሳውም።

ለአማርኛ አንባቢ ጉዳዩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ የነበራቸው ሲሆኑ በአማርኛ ንግግር ተዋሕደው በጽሑፍ ግን እንደተለዩ ቆይተዋል። ፀሐይን በየትኛው ጸ እና በየትኛው ሀ እንደሚጽፍ ያመነታ ሰው እንግሊዛዊው ልጅ በናይት ላይ የሚያመነታውን ያውቃል። ልዩነቱ የአማርኛው ፊደል ሁሌም ድምፅ ስላለው ጸሐፊውን እንጂ አንባቢውን አለማስቸገሩ ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ያስቸግራል።

የሚጠቅም ሥርዓት አለው

ድምፅ አልባ ፊደላት እንደተበተነ ጥራጥሬ የትም አይገኙም፤ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ኬ ዝም የሚለው በቃል ወይም በሥርወ ቃል መጀመሪያ ከኤን በፊት ሲሆን ነው። ደብሊው ከአር በፊት ሲመጣ አይሰማም፤ ራይት፣ ሮንግ እና ሪስት፣ ማለትም መጻፍ፣ ስህተት እና የእጅ አንጓ፣ ሁሉም በደብሊው ይጀምራሉ። ቢ ከኤም በኋላ ቃሉን ሲዘጋ ዝም ይላል። ቲ በኤስ እና በኤል ወይም በኤስ እና በኢ-ኤን መካከል ሲገባ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ካስል እና ሊስን እንደሚያሳዩት። ኤል ከኤ በኋላ፣ ከኬ ወይም ከኤፍ በፊት ስትሆን አትሰማም፦ ዎክ፣ ቶክ፣ ሃፍ። ሚልክ በሚለው ውስጥ ግን ትሰማለች፤ ከፊቷ ያለው ኤ አይደለምና።

የቁቤ ተማሪ እዚህ ላይ ሳያውቀው የያዘው ስንቅ አለ። በቁቤ ኤስ እና ኤች ተጣምረው «ሽ»፣ ኤን እና ዋይ ተጣምረው «ኝ»፣ ዲ እና ኤች ተጣምረው በአማርኛ የሌለውን «ዸ» እንደሚሰጡ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃል፤ ኤች በነዚህ ውስጥ «ህ» ተብላ አትነበብም። ሁለት ፊደል አንድ ድምፅ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ተቀብሏል ማለት ነው። ስለዚህ ኬ-ኤን፣ ደብሊው-አር፣ ኤም-ቢ ሲቀርቡለት አንደኛው ፊደል «የማይረባ» ነው ከማለት ይልቅ ሁለቱ አንድ ጥንድ ናቸው ብሎ ማስተማር ይሻላል። ጥንዱን ያወቀ ልጅ አዲስ ቃል ሲያይ አይደናገጥም።

የቃል መጨረሻ ኢም እንዲሁ ሥራ ፈት አይደለም። ሃት የነበረው ኢ ሲጨመርበት ሄይት ይሆናል፣ ቢት ባይት፣ ሆፕ ሆውፕ። ራሱ ዝም ብሎ ከፊቱ ያለውን አናባቢ ይለውጣል። ብዙ ቃላትን በአንድ ጊዜ የሚከፍት ሕግ ስለሆነ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ቢሰጥ ይመረጣል።

አንዳንድ ፊደላት ደግሞ በቃሉ ውስጥ ዝም ብለው በዘመዱ ይናገራሉ። ሳይን የሚለው ቃል፣ ማለትም ምልክት ወይም መፈረም፣ ኤስ-አይ-ጂ-ኤን ሲጻፍ ጂው አይሰማም፤ ሲግናል እና ሲግኔቸር ሲባል ግን ይሰማል። ማስል ውስጥ የጠፋው ሲ በማስኪዩላር ተመልሶ ይመጣል። ቱ ውስጥ ያለው ደብሊው በትዌልቭ እና በትዌንቲ ይናገራል። ኮለም መጨረሻ ላይ የማይሰማው ኤን በኮለምኒስት ይሰማል። ቃልን ከዘመዱ ጋር ማጥናት አጻጻፍን ብቻ ሳይሆን ትርጉምንም ያበዛል፤ ለ9ኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ቆጣቢ ዘዴ የለም።

አማርኛና አፋን ኦሮሞ የተዋሷቸው ቃላትም ያግዛሉ። ቦምብ ስንል ቢውን አጉልተን እንጠራዋለን፤ እንግሊዛዊው ቦም ብሎ ያቆማል። ስለዚህ የእኛ አጠራር ለአጻጻፉ ማስታወሻ ነው። ኮሎኔልም እንዲሁ ነው፤ እንግሊዝኛው ከርነል ብሎ ሲጠራው እኛ ግን ፊደሉን ተከትለን ሁለቱንም ኤል እናሰማለን። በተቃራኒው ሪሲት፣ ዲዛይን፣ ጊታር፣ ቡፌና ሀፍ ታይም ወደ እኛ የገቡት ዝም ያለው ፊደል ከተራገፈ በኋላ ነው። ልጁ በየሱቁ «ሪሲት» ሲባል የሚሰማውን ወረቀት ተቀብሎ አር-ኢ-ሲ-ኢ-አይ-ፒ-ቲ ተብሎ መጻፉን ቢያይ፣ የተደበቀው ፒ የት እንዳለ ራሱ ያገኘዋል።

በክፍል እና በቤት

የምሳሌ ቃላት ልጁ ከሚያውቀው ኑሮ ቢመረጡ መልካም ነው። ጊንጪ ዙሪያው የጥቁር አፈር የእርሻ አገር ነው፤ እርሻ ደግሞ በእንግሊዝኛ ድምፅ አልባ ፊደል የበዛበት ሙያ ነው። ማረሻ ፕላው ተብሎ ሲነገር በጂ እና በኤች ያበቃል፤ አሜሪካኖች በደብሊው ጨርሰው ይጽፉታል፣ ሁለቱም ትክክል ነው። ስንዴ ዊት ሲሆን ከደብሊው ቀጥሎ ኤች አለው። ጥጃ ካፍ ሲባል ኤል አይሰማም። ግልገል በእንግሊዝኛ ላም ነው፤ በአማርኛ ላም ሌላ እንስሳ መሆኗ ልጆቹን ማሳቁ አይቀርም። መጨረሻው ላይ የማይሰማ ቢ እንዳለ ከሳቁ ጋር አብሮ ይያዛል።

ለማጥናት የሚመከረው መንገድ ቀላልና ወጪ የሌለው ነው፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ተማሪው ቃሉን ያያል፣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ይሸፍነዋል፣ ሳያይ ይጽፈዋል፣ ገልጦ ያመሳክረዋል። ወሳኙ መሸፈኑ ነው። ቃሉን እያዩ ሃያ ጊዜ መገልበጥ እጅን ያደክማል እንጂ ማስታወስን አያለማምድም፤ በየትምህርት ቤቱ እንደ ቅጣት ሲሰጥ የኖረው ልማድ ስለሆነ ይህን አጥብቆ መናገር ያስፈልጋል። በቀን አምስት የአንድ ቤተሰብ ቃላት ይበቃሉ፤ በማግሥቱ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ እንደገና መጠየቅ ግን አይቀርም።

ሌላው ዘዴ ቃሉን ሁለት ስም መስጠት ነው፦ የአፍ ስምና የእጅ ስም። የአፉ ስም ዌንዝዴይ ነው፤ እጁ ሲጽፍ ግን ልጁ በልቡ «ወድ-ነስ-ዳይ» ይላል። እንግሊዛውያን ልጆችም የሚጠቀሙበት ብልሃት ነው። የቁቤ ልጅ ግን ይበልጥ የተዘጋጀለት ነው፤ ለንባብ እንቅፋት የሆነበት «ኪኒፌ» ለአጻጻፍ ሲሆን ታማኝ ማስታወሻ ይሆነዋል። ጥንቃቄው የእጁ ስም ከልብ እንዳይወጣ ነው፤ ስለዚህ በተጻፈ ቁጥር ትክክለኛው አጠራር ተከትሎ መነገር አለበት።

የቃል ጽሕፈት ልምምድ ሲሰጥ ነጠላ ቃል ብቻ ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ቢሆን ይመረጣል። ራይት የሚለው ድምፅ መጻፍም ትክክልም ሊሆን ይችላል፤ ኖው ማወቅም አይደለም ማለትም ነው፤ አወር ሰዓትም የእኛ ማለትም ነው። በጆሮ አንድ የሆኑትን በዓይን የሚለያቸው ያው ዝም ያለው ፊደል ስለሆነ፣ ያለ ዓረፍተ ነገር የተነገረ ቃል ላይ ተማሪውን ስህተት ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ኦፍን እና ኦፍተን ሁለቱም በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አፍ ስለሚሰሙ ቲውን ያሰማ ተማሪ መታረም የለበትም።

እንግሊዝኛ የማያውቅ ወላጅ ልጁን ማገዝ አይችልም የሚለው አስተሳሰብ በጊንጪና በመሰል ከተሞች ልክ አይደለም። ቁቤ የሚያነብ አባት ወይም እናት የእንግሊዝኛን ፊደል ቅርጽ አስቀድሞ ያውቃል። ደብተሩን ይዞ ልጁ በቃሉ ሲጽፍ ፊደል በፊደል ማመሳከር ይችላል፤ ትርጉሙን ማወቅ አይጠበቅበትም። ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆችም ልጁ የተሸፈነውን ቃል ጽፎ እስኪጨርስ ደብተሩን ዘግተው ሊይዙለት ይችላሉ፤ ልጁ ሾልኮ እንዳያይ መጠበቅ ራሱ የትምህርቱ ግማሽ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ መዝገበ ቃላት ነው። ተማሪው የሰማውን ቃል የሚፈልገው በሰማው ድምፅ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ፊደል ዝም ያለ ከሆነ መጽሐፉን ገልጦ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ብዙ ልጆች «ቃሉ መዝገቡ ውስጥ የለም» የሚሉት ለዚህ ነው። በ«ን» የሚጀምር ቃል በኤን ሥር ሲጠፋ በኬ-ኤን፣ ቀጥሎ በጂ-ኤን፣ ከዚያ በፒ-ኤን ሥር ይፈለጋል። በ«ር» የሚጀምረው በአር ሥር ካልተገኘ በደብሊው-አር፣ በ«ስ» የሚጀምረው በኤስ-ሲ ወይም በፒ-ኤስ፣ በአናባቢ የሚጀምረው ደግሞ በኤች ሥር ይታያል። ይህችን አጭር መምሪያ በደብተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ የጻፈ ተማሪ ሳይኮሎጂን በፒ-ኤስ ሥር፣ በጤና ጣቢያ ሲነገር የሰማውን ኒሞኒያንም በፒ-ኤን ሥር ያገኘዋል።